የቤንዚን ዋጋ ለምን ይጨምራል? ተጠቃሚውስ ምን ማድረግ ይችላል?

የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ታሪፍ ይጨምራል፤ ከገጠር በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ሽንኩርትና ጤፍም እንዲሁ። ስለዚህ ጉዳዩ መኪና ያለውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቤተሰብ ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የዋጋውን አመጣጥ፣ ቀጥሎም በፊዚክስ ሕጎች እየተመራን ተጠቃሚው ሊያደርግ የሚችለውን እንመለከታለን።

የዋጋው አመጣጥ

ቤንዚን የሚገኘው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። ድፍድፉ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በበርሜል ሲሆን አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ይይዛል። ዋጋውን ጦርነት፣ የአምራች አገሮች ውሳኔና የፍላጎት መለዋወጥ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 አንድ በርሜል 147 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግን ከ40 ዶላር በታች ወረደ።

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ ቤንዚንን ተጣርቶ የምትገዛው ከውጭ ነው። ክፍያው በዶላር ይፈጸማል፤ ነዳጁም ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በቦቴ ይጓጓዛል። እንግዲህ የበርሜል ዋጋ በ10 ዶላር ቢጨምር የአንድ ሊትር ድፍድፍ ዋጋ በ6.3 የአሜሪካ ሳንቲም ያድጋል። አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 3.60 ብር ያህል ነው፤ በ100 ብር ሲመነዘር ግን 6.30 ብር ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በርሜሉ ባይወደድም ሊትሩ ሊወደድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድጎማ ነው። የችርቻሮ ዋጋን የሚተምነው መንግሥት ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. አንሥቶ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት 48 ብር ያህል የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል።

ሊትሩ የት ይሄዳል?

ከእነዚህ ሦስት ምክንያቶች አንዱንም ተጠቃሚው አያዝበትም። ይሁን እንጂ ወጪያችን የዋጋና የሊትር ብዜት ነው፤ የሊትሩ ቁጥር ደግሞ በአብዛኛው በእጃችን ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። የተለመደ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ኃይሉ 116 ሺህ ጁል ገደማ ነው። ፍሬን ሲያዝ ይህ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መልሶ ወደዚያው ፍጥነት ለመድረስ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ያስፈልጋል። እንግዲህ 70 ጊዜ ያህል እየቆሙ መነሣት አንድ ሊትር ይበላል። ፊት ለፊቱን አሻግሮ የሚያይ፣ መብራቱ ቀይ መሆኑን ከሩቅ ተመልክቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው የሚያነሣ ሾፌር ይህን ያድናል።

በአውራ ጎዳና ላይ ዋናው ባላጋራ አየር ነው። የአየር ግፊያ ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ፍጥነቱን ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያሳደገ ሰው የአየር ግፊያው በ56 በመቶ ይጨምርበታል። በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚያተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

የጎማ ነፋስ ሲጎድል ጎማው በየዙሩ ይበልጥ እየተጨፈለቀ ኃይል ያባክናል። ስለሆነም ነፋሱን በየጊዜው ማስለካት ይገባል። ቆሞ የሚሠራ የአነስተኛ መኪና ሞተርም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሊፈጅ ይችላል። ከሁሉም የሚልቀው ግን አብሮ መጓዝ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና አንድ ሰው ብቻ ቢጭን የሰውዬው ድርሻ 8 ሊትር ነው፤ 12 ሊትር የሚፈጅ ሚኒባስ 12 ሰው ቢጭን የእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ሊትር ብቻ ይሆናል።

መደረግ የሌለበት

ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ቤንዚን በጀሪካን ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ይታያል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ከምድጃ ወይም ከከሰል እሳት ሊደርስ ይችላል። በጥቂት ብር ትርፍ ቤትንና ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ፈጽሞ አይገባም።

ለአንባቢው የሚሆን መልመጃ

ከላይ የጠቀስነው መኪና 300 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት ለመውጣት ስንት ሊትር ይፈልጋል? ክብደቱን በስበት ፍጥንጥነትና በከፍታው አባዙ፤ ውጤቱን በአንድ ሊትር ጠቃሚ ኃይል ማለትም በ8 ሚሊዮን ጁል አካፍሉ። መልሱ 0.44 ሊትር ነው። ቀጥላችሁ 100 ኪሎ ግራም አላስፈላጊ ዕቃ ከመኪናው ቢወርድ ምን ያህል እንደሚድን አስሉ፤ ያንንም በሰፈራችሁ ማደያ ዋጋ አባዝታችሁ ተመልከቱ።