ወለም ያለ እግር ለምን ደጋግሞ ይከዳል?

አምና ኳስ ስንጫወት ቀኝ እግሬን ወለም አለኝ። በረዶ ያዝኩበት፤ እብጠቱ በሁለት ሳምንት ሲጎድል ድኛለሁ ብዬ ወደ ሜዳ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ ስወርድ፣ ጠጠር ስረግጥ፣ አንዳንዴም በደህናው አስፋልት ላይ እግሬ ይከዳኝ ጀመር። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሆኜ ይህ ሲደርስብኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርኩ።

እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከቁርጭምጭሚት ውጪ በኩል፣ ከጎበጠው አጥንት ፊት ያለው ጅማት ነው። የጅማት ሥራ አጥንትን ከአጥንት ማሰር ብቻ አይደለም። ውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች እግራችን ወዴት እንዳዘነበለ ለአንጎል ይናገራሉ። ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1965 እ.ኤ.አ. ያመለከተው ይህንኑ ነው፦ ጅማቱ ሲጎዳ ወሬ ነጋሪውም ይጎዳል። መልእክቱ ሲዘገይ እግርን ወደ ውጪ የሚመልሱት የቅልጥም ጡንቻዎችም ዘግይተው ይደርሳሉ። እብጠት መጉደሉ ይህን አያስተካክልም።

ስለዚህ ሕክምናው በዋናነት ልምምድ ነው። እኔ ጥርሴን ስቦርሽ ባንድ እግሬ እቆማለሁ። ይህ ሲቀለኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀጥሎ ትራስ ላይ ቆሜ (ግድግዳ አጠገብ ይሁን!)። በላስቲክ እግሬን ወደ ውጪ እገፋለሁ፤ ተረከዜን እያነሳሁ ባቴን አጠነክራለሁ። ለጨዋታ ደግሞ የቁርጭምጭሚት ደጋፊ አስራለሁ፤ ዳግም ወለምታን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት የለመድን ሰዎች ነን። ወጌሻን አልንቅም፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩስ ጉዳትን አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም የጎበጠው አጥንት ጫፉ ወይም የኋላ ጠርዙ ሲነካ ካመማችሁ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ተነሡ።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ለወራት በደንብ ተሠርቶበት እግሩ አሁንም ሲከዳ ነው። ብሮስትረም የተባለው ስዊድናዊ በ1966 ያስተዋወቀው፣ የራስን ጅማት የሚጠግነው ዘዴ፣ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እኔ አሥረኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። በግራ እግሬ ዓይኔን ጨፍኜ 35 ሰከንድ እቆማለሁ፤ በቀኜ ገና 20 ነው። እስኪተካከሉ ድረስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነኝ።