አንገቴ ላይ ያበጠው ካንሰር ይሆን?

እዚህ ጂንካ እንቅርት ያለባቸው እናቶችና እህቶች ሲመጡ ሁለት ነገር እሰማለሁ። አንዷ «ዶክተር፣ ካንሰር ነው እንዴ?» ብላ ትደነግጣለች። ሌላዋ ደግሞ «እናቴም ነበረባት፣ ምንም አይልም» ትላለች።

ለመጀመሪያዋ፦ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። በአገራችን ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነው። አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ።

ለሁለተኛዋ፦ የታይሮይድ ካንሰር ሴቶችን ከወንዶች 3 እጥፍ ገደማ ያጠቃል። እንቅርቱ ለዓመታት የኖረ ቢሆንም እንኳ ከነዚህ አንዱ ከታየ ቶሎ ይመርመሩ፦

✅ በአጭር ጊዜ ያደገ ወይም የጠጠረ እብጠት
✅ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን
✅ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር
✅ በአንገት ጎን የወጣ አዲስ እብጠት

መጀመሪያ በእጅ ዳስሰን፣ ከዚያ በአልትራሳውንድ እናየዋለን። ካጠራጠረን በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ቢሆንም በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ዓይነት ታክሞ ይድናል።

«ምንም ሳይኖርብኝስ አልትራሳውንድ ልነሳ?» አያስፈልግም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች በብዛት ሲታዩ፣ ከ1993 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር 15 እጥፍ ጨመረ፤ የሟቾች ቁጥር ግን አልተለወጠም። ብዙዎች ሳያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር ካለ ወይም በልጅነት አንገት ላይ የጨረር ሕክምና ከወሰዱ ግን ለሐኪም ይንገሩ።

ስልክ ለሌላት እናትዎም ያንብቡላት።