ጫጫ ለተመደብከው ወጣት የሥነ አእምሮ ነርስ

ልጄ፣ በዚሁ ሙያ ያረጀሁ ነኝና ይህችን ምክር ያዝልኝ።

1. ዘጠኙን ጥያቄ አትናቅ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የድብርት መጠይቅ፣ ፒኤችኪው ዘጠኝ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። እኔ በወጣትነቴ ፊት አይቼ «ተሽሎታል» ብዬ እጽፍ ነበር። አንድ ገበሬ በመጣ ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። ምስጋናውን ጤና አድርጌ መዘገብኩለት። በኋላ ባለቤቱ መጥታ፣ ሌሊቱን ከኩበቱ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋ፣ እህል እንደማይቀምስ እያለቀሰች ነገረችኝ። እንቅልፍም ምግብም መጠይቁ ላይ አሉ፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

2. በሚገባው አማርኛ ጠይቅ፤ አጠያየቅህን ግን በየቀጠሮው አትለዋውጥ። መጠይቁ እንደሚለው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ስትለው ግራ የተጋባ ሽማግሌ፣ በመድኃኔዓለም ዕለት ከመጣ «ከሚካኤል ወዲህ» በለው፤ ቀኑን ራሱ ይቆጥርልሃል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያለችህንም ለጨጓራ ብቻ አትላካት። የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጭንቀት መለያ 20 ጥያቄዎች እስራኤል ለገቡ ኢትዮጵያውያን ሲያዘጋጁ፣ የእኛ ሰው ጭንቀቱን የሚናገርበትን አገላለጽ የጨመሩት ወደው አይደለም።

3. ብዙ ቦታ ድብርትን ለመጠርጠር መነሻው 10 ነጥብ ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በተካሄደው፣ ፕራይም በተባለው የአእምሮ ጤና ጥናት ግን 5 ነበር። 6 ያመጣችን እናት «ከ10 በታች ነሽ» ብለህ አትሸኛት፤ ቁጭ ብለህ አነጋግራት።

4. ዘጠነኛውን፣ የሞት ሐሳቡን፣ አትዝለል። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣበትም። ቤተሰቡን ውጭ አስጠብቅ፣ ብዕርህን አስቀምጥ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። «አዎ» ካለህ ድምሩ 3 ቢሆንም ብቻውን አትልቀቀው።

5. የየቀጠሮውን ነጥብ ካርዱ ላይ በተርታ ጻፍ። 18፣ 17፣ 18 ካየህ ታካሚውን «አይሰማም» አትበለው፤ ምክክርህን መርምር፣ ካስፈለገም ደብረ ብርሃን ላከው። ገብሱን ማረሙን፣ ለቅሶ መድረሱንም ጠይቀው፤ ወደ ሰው መመለሱን የሚያሳዩህ እነዚህ ናቸው።

አደራህን፣ መጀመሪያ ቀን የመጣን ሰው ነጥቡን ሳትጽፍ አትሸኝ። የመጀመሪያው ቁጥር ከሌለ ሁለተኛው ምንም አይነግርህም።