ከቤንዚን ወደ ናፍጣ፤ የአረጋዊና የወጣት ምልልስ

ዕድሜውን በመኪና ጥገና ሥራ ያሳለፈ አንድ አረጋዊና፣ ያረጀ የቤንዚን ፒክ አፑን የናፍጣ ሞተር ሊያስገባበት የተነሣ አንድ ወጣት ስለዚሁ ነገር የተጠያየቁት፣ ተመሳሳይ አሳብ ላላቸው ሁሉ ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች ተጽፏል።

ወጣት፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስሁት ላንድክሩዘር ፒክ አፕ ሻንሲው ያልዛገ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የቤንዚን ሞተሩ ግን አርጅቶ፣ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ማሾ ጭኜ ስመላለስ የሚፈጀው ነዳጅ ትርፌን ሁሉ ስለሚበላብኝ፣ አውጥቼ በናፍጣ ልለውጠው ቆርጫለሁና ምክርዎን ሽቼ መጣሁ።

አረጋዊ፦ አሳብህ የሚነቀፍ አይደለም ልጄ፤ ነገር ግን መቅድመ ኵሉ ከናፍጣው የምትሻው ምን እንደ ሆነ ንገረኝ። ጉልበት ነው ወይስ ቁጠባ?

ወጣት፦ ሁለቱንም ነው እንጂ፤ ናፍጣ ጉልበተኛ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?

አረጋዊ፦ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከከሰከሰ በኋላ የሚያዝነውም ይህን ቃል ሳይመረምር ስለሚቀበል ነው። በመኪናህ ውስጥ ያለው 2ኤፍ የተባለው፣ ቶዮታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ ያወጣው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሞተር ነው። ለዚያው ዓይነት መኪና ፋብሪካው የሠራለት 2ኤች የተባለው ናፍጣ ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4 ሊትር ሲሆን፣ የፈረስ ጉልበቱ ከ100 እምብዛም የማያልፍ፣ የመጎተት ኃይሉም ከቤንዚኑ የማይበልጥ ነው። ናፍጣ በጉልበት የተመሰገነው በታላላቆቹ የጭነት መኪኖችና ቱርቦ በተገጠመላቸው ሞተሮች ነውና፣ የእነርሱን ክብር ለዚህ አትስጠው። ዳገት ላይ መሽቀዳደም ፈልገህ ከሆነ ከዚሁ ተመለስ።

ወጣት፦ እንግዲያስ ይህን ሁሉ የምደክመው ስለ ምንድር ነው?

አረጋዊ፦ ስለ ቁጠባና ስለ ረዥም ዕድሜ ነው። ምክንያቱን ለማስተዋል ወደ ጥንተ ነገሩ እንመለስ። በአንተ ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር በካርቡራተር ከተቀላቀሉ በኋላ ፒስቶኑ ያምቃቸዋል፣ ካንዴላውም በፍንጣሪ ያቀጣጥላቸዋል፤ ይህ ቅልቅል አብዝቶ ቢታመቅ ጊዜው ሳይደርስ ስለሚነድ፣ 2ኤፍ የሚያምቀው ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 የፈጠራ መብት ጠይቆበት፣ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ አሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን አየሩን ብቻውን የሚያምቅ ነው፤ በዛሬዎቹ የመኪና ናፍጣዎች አየሩ ወደ አንድ ሃያኛ ገደማ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚበልጥ፣ በዚያች ቅጽበት የተረጨው ናፍጣ ያለ ካንዴላ በገዛ ራሱ ይነድዳል። ይህን ያህል በታመቀ አየር ውስጥ የነደደ ነዳጅ ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ክፍል ይበዛል፤ በዚህም ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር በመቶ ያህል የሚበልጥ ኃይል በውስጡ ይዟል። የቁጠባው ምሥጢር ይህ ነው።

ወጣት፦ ቁጠባው ወጪውን የሚመልስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አረጋዊ፦ በሰው ወሬ ሳይሆን በገዛ ሒሳብህ ታውቀዋለህ። የመኪናውን የነዳጅ በርሜል እስከ አፉ ሙላና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፍ፤ የተለመደውን ጭነት ጭነህ የተለመደውን መንገድ ደርሰህ ስትመለስ እንደገና እስከ አፉ ሙላና ስንት ሊትር እንደ ገባ ተመልከት። ለምሳሌ ያህል ዛሬ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚፈጅ ሆኖ ቢገኝና ናፍጣው 14 ሊትር ቢፈጅ፣ የሁለቱን ዋጋ አስልተህ በ100 ኪሎ ሜትር የሚተርፍህን ገንዘብ ታገኛለህ፤ የሥራውን ጠቅላላ ወጪ በዚህ ብታካፍለው ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ ገንዘብህ እንደሚመለስ ይገለጽልሃል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚንቀሳቀስ መኪና ይህን ማድረግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ለእርሱ ያለውን ቤንዚን ሞተር ማደስ ይሻለዋል። እንደ አንተ ሳምንቱን ሁሉ ለሚጭን ግን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ወደ ናፍጣ ያደላል።

ወጣት፦ ሒሳቡ ቢስማማኝ የትኛውን ሞተር ልምረጥ?

አረጋዊ፦ ፋብሪካው የሄደበትን መንገድ ተከተል። ቶዮታ ይህንኑ ፒክ አፕ በቤንዚን ሲሠራው ኤፍጄ 45፣ በናፍጣ ሲሠራው በመጀመሪያ ኤችጄ 45፣ በኋላም ኤችጄ 47 ብሎታል፤ ስለዚህ 2ኤች በዚህ ሻንሲ ላይ የሚቀመጥበት ሥርዐት ቀድሞ የታሰበ ነው፤ ራዲያተሩም፣ የሞተር መቀመጫውም፣ ቱቦውም በፋብሪካው ተሠርቶለታል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ወዲህ የመጣው 1ኤችዜድ በጉልበትም በቁጠባም ይልቃል፤ ነገር ግን በጥርስ ማርሽ እንደሚዞረው እንደ 2ኤች ሳይሆን ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው በቀበቶ ስለ ሆነ፣ ቀበቶው በወቅቱ ካልተለወጠ ተበጥሶ ሞተሩን ያበላሻል፤ ለማስቀመጥም የበለጠ ሥራ ይጠይቃል። ከሌላ ፋብሪካ ሞተር አምጥቶ በብየዳ ማስማማት ግን፣ መለዋወጫ በጠፋ ቁጥር የሚያስለቅስ መንገድ ነው።

ወጣት፦ ያገለገለ ሞተር ስገዛ እንዳልታለል ምን ልመልከት?

አረጋዊ፦ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ስፍራ ብትሄድ፣ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ካቆየልህ ሞተር ተጠንቀቅ፤ ናፍጣ እውነቱን የሚናገረው በብርዱ ሲነሣ ነውና ቀዝቅዞ ሳለ እንዲያስነሣልህ አድርግ። ከተነሣ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ በዚያ አፍ ጭስ እየተገፋ ቢወጣ ፋሻውና ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው። ከዚያም የእያንዳንዱን ሲሊንደር የእመቃ ግፊት በመለኪያ አስለካ፤ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የስድስቱ መተካከል ይበልጥ ይመስክርልህ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሞተሩን ቁጥርና የመጣበትን የጉምሩክ ሰነድ አመሳክር፤ በሊብሬህ ላይ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ተጽፏልና፣ የሞተሩን ለውጥ ሳታስመዘግብ ብትነዳው መኪናህ ከሰነዱ ጋር የማይስማማ ይሆናል።

ወጣት፦ ሞተሩ ከተገኘና ሰነዱ ከተሟላ የቀረው ማውጣትና ማስገባት ብቻ ይመስለኛል።

አረጋዊ፦ ልጄ፣ ስሕተት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። ሞተር በመኪና ውስጥ እንደ ልብ በአካል ውስጥ ነው፤ ከሥር ከጅማቱ ሁሉ ጋር የተዋሐደ ስለ ሆነ፣ እርሱን የለወጠ ሰው ከእርሱ ጋር ተያይዞ የኖረውን ሁሉ መርምሮ የማይስማማውን መለወጥ ግዴታው ነው። ሞተሩን አስገብቶ ማስነሣት የሥራው እኩሌታ እንኳ አይደለም።

ወጣት፦ እንግዲያስ ከምን ልጀምር?

አረጋዊ፦ ከፍሬን ጀምር። ይህን የምልህ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚያስበው፣ ሕይወት የሚያጠፋውም እርሱ ስለ ሆነ ነው። የፍሬኑ ሰርቮ እግርህን የሚያግዘው በቫኩም ነው፤ ቫኩሙንም እስከ ዛሬ ያገኝ የነበረው ከቤንዚን ሞተሩ አየር መሳቢያ ነው። ናፍጣ ግን ለፍሬን የሚበቃ ቫኩም በዚያ በኩል አይሰጥም፤ ስለዚህ ቶዮታ በናፍጣዎቹ ላይ፣ ከዲናሞው ጀርባ አብራ የምትዞር ትንሽ የቫኩም ፖምፓ አድርጎላቸዋል። አሮጌውን የቤንዚን ዲናሞ በናፍጣው ላይ የሚያስር መካኒክ ብታገኝ ከሥራው አስቁመው።

ወጣት፦ ፖምፓዋ ያለችበትን ዲናሞ ካሰርሁ ይበቃልን?

አረጋዊ፦ አይበቃም፤ ፖምፓዋ በሞተር ዘይት የምትለሰልስ ስለ ሆነች፣ ዘይት የሚያመጣላት ቀጭን ቱቦና ዘይቱን የሚመልስላት ወፈር ያለ ጎማ በየቦታቸው መታሰር አለባቸው፤ ያለ ዘይት ከዞረች ወዲያው ትቃጠላለች። ከታሰረ በኋላ ደግሞ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ እንዲህ አድርገህ ፈትነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬኑን ፔዳል እስኪጠጥር ድረስ ደጋግመህ ርገጥ፤ እግርህን ሳታነሣ ሞተሩን አስነሣ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ጥቂት ዝቅ ቢል ቫኩሙ ደርሷል፤ ንቅንቅ ካላለ ግን አልደረሰምና አንድ እርምጃ እንኳ አትንዳው።

ወጣት፦ ከፍሬን ቀጥሎስ?

አረጋዊ፦ የኤሌትሪኩን ነገር ተመልከት። መኪናህ በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የላንድክሩዘር ናፍጣዎች ግን የተሠሩት ለ24 ቮልት ነው። ባለ 24 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ቮልት ባትሪ ቢጠራ እየተጎተተ ይዞራል፤ አየሩም በፍጥነት ስለማይታመቅ ናፍጣ ለማንደድ የሚበቃ ሙቀት አይገኝም። ሞተሪኖው፣ ማሞቂያው ካንዴሌታ፣ ዲናሞውና ባትሪው ሁሉ በአንድ ቮልት ይስማሙ። ማጥፊያውንም አትርሳ፤ ቤንዚን ሞተር የካንዴላው ኤሌትሪክ ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ናፍጣ ግን ካንዴላ ስለሌለው ነዳጁ ካልተቋረጠበት አይጠፋም፤ ስለዚህ ነዳጁን በናፍጣ ፖምፓው ላይ የሚዘጋው ማጥፊያ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚያዝዘው መሆን አለበት።

ወጣት፦ የነዳጁ በርሜልና ቱቦስ በነበረበት ይቀጥል?

አረጋዊ፦ በርሜሉ ወርዶ እስኪደርቅ ይታጠብ። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነውና፣ የቀረ ቤንዚን ከገባበት ውስጡ ይበላል። ናፍጣ ደግሞ የተረፈው ወደ በርሜል የሚመለስበት ሁለተኛ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ በመካከሉም ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይግባበት። መጀመሪያ ሲነሣ ቱቦው በአየር የተሞላ ስለሚሆን፣ የእጅ ፖምፓውን እየገፋህ ባላላኸው የአየር ማስወጫ ብሎን በኩል አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድረስ ታገሥ፤ አየር ሳይወጣ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መጥራት ባትሪውን መግደል ብቻ ነው።

ወጣት፦ ካምቢዮውን ግን ሳልነካው የምቀጥል ይመስለኛል።

አረጋዊ፦ ካምቢዮህ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት የብሎን ቀዳዳ፣ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ፣ እንዲሁም የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚገባባት ትንሿ ኩሽኔታ በልክ መስማማታቸውን ሁለቱም መሬት ላይ ሳሉ አረጋግጥ። ናፍጣ ከቤንዚን የሚከብድ ስለ ሆነ የፊቱ ባሌስትራ መጠንከር አለበት፤ የሚንቀጠቀጥም ስለ ሆነ የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች የናፍጣው የራሱ ይሁኑ።

ወጣት፦ አንዳንዶች ከለወጡ በኋላ መኪናቸው ጥቁር ጭስ ሲያጨስ አያለሁ፤ ይህ ከምን የመጣ ነው?

አረጋዊ፦ ብዙ ጊዜ ከከፍታ ጋር ካልተስማማ የናፍጣ ፖምፓ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አንተ የምታልፍበት ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ፣ ፖምፓው ግን ለባሕር ጠረፍ የተለካውን ናፍጣ ቢረጭ፣ ያልነደደው ክፍል ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ይግላል፤ ቁጠባ ብለህ የገባህበት ነገር ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ ፖምፓውን የፖምፓ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ በመፈተኛው ላይ ለደጋ አገር አስለካው። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ናፍጣውን የሚያበዛልህን አትስማ።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ ከፈጸምሁ ሥራው አለቀ ልበል?

አረጋዊ፦ መኪናው በግቢ ውስጥ ስለ ተነሣ ሥራው አለቀ አይባልም። በመጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት፣ በመጨረሻም በሙሉ ጭነት ዳገት አውጣው፤ የሙቀቱን መለኪያ አትለየው፤ የድሮው መለኪያ ከአዲሱ ሞተር ጋር ካልተስማማ ውሸት ስለሚናገር አስቀድመህ አስተካክለው። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ የሞተሩን መቀመጫና የካምቢዮውን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ፤ ዘይቱን ለውጥ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳስስ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ጭነህ የምትወርደው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ በዚያም በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ።

ወጣት፦ ጋሼ፣ አሁን ነገሩ ከብዶ ታየኝ።

አረጋዊ፦ የከበደውን ነገር ክብደቱን ዐውቆ መጀመር መልካም ነው እንጂ አያስፈራም። የነገርሁህን ሁሉ በደብተር ላይ ጻፍ፤ በየአንዳንዱም አንጻር ዋጋውን አስቀምጥ፤ ድምሩ ከአቅምህ በላይ ቢሆን ግማሹን ሠርተህ ግማሹን አትተው፤ ገንዘብ እስክታጠራቅም ቤንዚኑን አድሰህ ንዳ። ይህን መኪና አንድ ቀን የቀጠርኸው ሹፌር ይነዳዋል፤ ካሶኒው ላይ መንገደኛ ይሳፈርበታል፤ ወይም ትሸጠውና ምን እንደ ተለወጠበት ከቶ የማያውቅ ሰው ከልጆቹ ጋር ይጓዝበታል። የሞተር ለውጥ ተፈጸመ የሚባለው፣ ያ ምንም የማያውቅ ሰው ቁልፉን አዙሮ፣ ፍሬኑን ረግጦ፣ እንደ ማንኛውም መኪና በሰላም ሊነዳው ሲችል ነው።