ጀልባ ላይ ለመኖር ከወሰኑ፣ አስቀድመው ማወቅ ያለብዎ

በለንደን የቤት ኪራይ የተማረረ ሰው አንድ ቀን በሊ ወንዝ ዳር በእግሩ ሲያልፍ ያያቸዋል፦ ጣሪያቸው ላይ ማገዶና የአበባ ማሰሮ የተደረደረባቸው፣ ወርዳቸው ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ረዣዥም የብረት ጀልባዎች። ዋጋ ይጠይቃል፤ ከአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ በእጅጉ ያንሳል። ልቡ ይከጅላል። እኔም የገባሁበት እንዲሁ ነው፤ አራት ክረምት ኖሬበታለሁ። አሁን ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማታ የት ያስሯታል?

የእንግሊዝን አብዛኞቹን ቦዮችና ሊን የመሳሰሉ ወንዞች የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌላት ጀልባ ፈቃድ የምታገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ሕጉ የሚለው ከልብዎ እየተጓዙ ይኑሩ፣ አንድ ቦታም ሳያቋርጡ ከ14 ቀን በላይ አይቆዩ ነው። በሁለት ድልድዮች መካከል ወዲያና ወዲህ ማለት ጉዞ አይባልም። ልጅዎ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር አይንቀሳቀስም፣ እርስዎ ግን ይንቀሳቀሳሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ እንዲህ እየተዘዋወረ የሚኖር ሰው በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ይከፍላል።

ቋሚ ማሰሪያ አገኘሁ ቢሉም አይቸኩሉ። ለመዝናኛ የተፈቀደ ማሰሪያ አለ፣ ለመኖሪያ የተፈቀደም አለ። በመጀመሪያው ላይ ጀልባዋ ትቆማለች እንጂ እርስዎ አይኖሩበትም። ሻጩ «ቦታውም አብሮ ይሄዳል» ካለዎት፣ ከቦታው ባለቤት በጽሑፍ እስኪያዩ ድረስ አይመኑ።

ጸጥ ያለ ወንዝ ሁሌ ጸጥ ያለ አይደለም። በመጀመሪያው ክረምት ቴምዝ ላይ፣ ከቴዲንግተን በላይ፣ ጀልባዋን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ተኛሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሃኖቹ ከመደርደሪያው እየተንሸራተቱ ወደቁ። ወለሉ አዘምሟል። ወጥቼ ሳይ ገመዱ እንደ በገና አውታር ተወጥሯል፤ ውሃው ጀልባዋን ወደ ላይ ሊያነሳት፣ ገመዱ በዳሩ በኩል ወደ ታች ሊያስቀራት ይታገላሉ። እኔ ባለሁበት ጠብታ አልዘነበም፤ የዘነበው ላይ፣ ኦክስፎርድ በኩል ነው። የዳቦ ቢላዋ አምጥቼ ቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሳስር ለውሃው መውጫና መውረጃ ትርፍ ገመድ እተዋለሁ፤ አፍንጫዋንም ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አዞራለሁ። ዳሩ በጎርፍ ከተዋጠ ደግሞ በጀልባዋና በዳሩ መካከል ዘንግ ይደግፉ፤ አለዚያ ወንዙ ሲጎድል ሣር ላይ ተጋድማ ያገኟታል። ቴምዝ ላይ በየውሃ በሩ ቀይ ሰሌዳ ሲሰቀል መንቀሳቀስ የለም፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያሉ። ቀጣሪዎ ይህን ይረዳልዎታል?

ብረቷን ደግሞ ከውሃ አስወጥተው ያስመርምሩ፤ መርማሪውን የሚቀጥሩት እርስዎ እንጂ ሻጩ አይሁን። ጎኗ አዲስ ሳለች ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ከ4 ከወረደ የመድን ድርጅቶች ፊት ያዞራሉ። ከታች የሚቀባው ጥቁር ቅብ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይታደሳል፣ የደህንነት ምስክር ወረቀቷ በየአራት ዓመቱ።

ወደ ማዕድ ቤቱ እንግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድዎን ይርሱት፤ ባትሪዎቹን በአንድ ጋገራ ያራግፋቸዋል፣ የዲሴምበር ፀሐይ ደግሞ መልሳ አትሞላቸውም። እንጀራ የምገዛው ከሱቅ ነው። ቡናው ላይ ግን አጥብቄ ልናገር፦ ረከቦት ዘርግተው ከሰል ውስጥ እንዳያቀጣጥሉ። አገር ቤት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ስለተኛ ሰው የምንሰማው ወሬ እዚህ ይብሳል፤ ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ብርዱ ሁሉን የሚያስዘጋ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኝታ ላላቸው ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። እርስዎ በየወሩ ቁልፉን ተጭነው መጮኹን ያረጋግጡ። ዕጣን የሚያስጮኸው ሌላውን፣ የጭሱን ነው፤ እሱን ጎረቤት ለምዶልኛል።

ሽንት ቤቱ? ብዙ ጀልባዎች ላይ እቃውን አንጠልጥለው ወስደው የሚደፉት እርስዎ ነዎት። ውሃም እየሄዱ ይቀዳሉ።

ባንክ እንደ ቤት የረጅም ጊዜ ብድር አይሰጥበትም፤ ጀልባ እንደ መኪና እያረጀ ዋጋው የሚወርድ ንብረት ነው።

ይህን ሁሉ አንብበው አሁንም ልብዎ ከከጀለ፣ በጃንዋሪ አንድ ሳምንት ተከራይተው ይደሩበት። በጁላይ የሚከራዩትን ግን አይቁጠሩት፤ በጁላይ ጀልባ ላይ መኖር የማይወድ ሰው አላየሁም።