የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ መብራትን በኤልኢዲ ስለመተካት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ከሚሽከረከሩት አሮጌ ቮልስዋገኖች፣ በተለምዶ «ቮልስ» ከምንላቸው፣ ብዙዎቹ ከሚነዷቸው ሰዎች በዕድሜ ይበልጣሉ። የእነዚህ መኪኖች የፍጥነት መለኪያ በሌሊት የሚታየው በደብዛዛ አምፖል ስለሆነ፣ በኤልኢዲ ልተካው የሚል ባለቤት አይጠፋም። ሥራው አንዱን ነቅሎ ሌላውን እንደመክተት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት አምፖሎች አንዱ ከማብራት ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ይህን ሳያውቁ መንቀል ባትሪውን አድክሞ መኪናውን መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ምክንያቱን ሁላችንም በትምህርት ቤት በተማርነው የኦም ሕግ እንመርምር።

የሁለቱ መብራቶች ልዩነት

በአሮጌው አምፖል ውስጥ ያለው የተንግስተን ክር ከረንት ሲያልፍበት ግሎ ያበራል። ከሚወስደው ኃይል ወደሚታይ ብርሃን የሚለወጠው ከ10 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ የተቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር፣ አምፖሉ የሚያልፍበትን ከረንት ራሱ ይገታል።

ኤልኢዲ በአንጻሩ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ነው። ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን እ.ኤ.አ. በ1962 ሠራ። ነጩ የተገኘው ግን በ1990ዎቹ ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ከተሠራ በኋላ ነው። ለዚህም ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኤልኢዲ ከረንት የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፎቹ ቢገለበጡ አይበራም። በተጨማሪም ከረንቱን በራሱ አይገታም። ቮልቴጁ በጥቂቱ ከፍ ሲል ከረንቱ እጅግ ይጨምርና ይቃጠላል። በመሆኑም ሁልጊዜ ሬዚስተር ያስፈልገዋል።

የሬዚስተሩ ስሌት

በቅድሚያ የመኪናውን ቮልቴጅ ማወቅ ይገባል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች በ6 ቮልት፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት በአብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራሉ። «12 ቮልት» የሚባለው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪውን ሲሞላ ወደ 14.4 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ የምናሰላው በዚህ ከፍተኛ መጠን ነው። አንድ ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልትና 20 ሚሊአምፒር ይፈልጋል እንበል። ሬዚስተሩ መሸከም ያለበት 14.4 ሲቀነስ 3.2፣ ማለትም 11.2 ቮልት ነው። ይህ ለ0.02 አምፒር ሲካፈል 560 ኦም ይሆናል። በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት የሚሆነው ኃይል 11.2 ሲባዛ በ0.02፣ ማለትም 0.224 ዋት ነው። ስለዚህ የሩብ ዋት ሬዚስተር ወደ ዐቅሙ ጫፍ ስለሚደርስ የግማሽ ዋቱን መምረጥ ይሻላል። ለ12 ቮልት ተብለው የሚሸጡ ኤልኢዲ አምፖሎች ከረንት የሚገታ ክፍል ውስጣቸው ስላለ ይህ ጭማሪ አያስፈልጋቸውም።

ብርሃን መቀነሻው ለምን ይሰንፋል?

በብዙ አሮጌ መኪኖች የዳሽቦርዱ ብርሃን የሚቀነሰው በተከታታይ በተገጠመ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። አራት ባለ3 ዋት አምፖሎች በድምሩ 1 አምፒር ያህል ስለሚወስዱ፣ 10 ኦም የሆነ መቀነሻ ያደበዝዛቸዋል። በአራት ኤልኢዲዎች ብንተካቸው ግን ከረንቱ 0.08 አምፒር ብቻ ይሆናል። በመቀነሻው ላይ የሚቀረውም 0.8 ቮልት ነው። ቁልፉን ብናዞረው ብርሃኑ እምብዛም አይለወጥም። ስለሆነም ከመጀመሪያው ለዓይን የሚመች፣ ያልበዛ ብርሃን ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ የበዛ ብርሃን በሌሊት መንገዱን ከማየት ያግዳል።

ሁለት ሥራ ያለው አምፖል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። ቁልፉ ሲከፈት የምትበራውና ሞተሩ ሲነሣ የምትጠፋው የቻርጅ ምልክት አምፖል በአንድ በኩል ከባትሪው፣ በሌላ በኩል ከኃይል አመንጪው ጋር የተያያዘች ናት። ዲናሞ ባላቸው ቀደምት መኪኖች፣ በዲናሞው ብረት ውስጥ የቀረው ጥቂት ማግኔትነት ሥራውን ለመጀመር ይበቃል። በብዙ አሮጌ አልተርኔተሮች ግን የሚሽከረከረውን ማግኔት የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያ ከረንት የሚመጣው በዚህች አምፖል በኩል ነው። 2 ዋት የሆነች አምፖል 170 ሚሊአምፒር ያህል ታሳልፋለች፤ ኤልኢዲው የሚያሳልፈው 20 ብቻ ነው። ይህ መጠን ላይበቃ ይችላልና፣ አልተርኔተሩ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ባትሪውን መሙላት አይጀምር ይሆናል። በሌሊት የፊት መብራት በርቶ ሳለ ይህ ቢሆን ባትሪው ቀስ በቀስ ይደክማል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ያችን አምፖል እንደነበረች መተው ነው። ሁለተኛው 68 ኦም የሆነ ሬዚስተር ከኤልኢዲው ጋር በትይዩ መግጠም ነው። ይህ ሬዚስተር በ12 ቮልት ወደ 176 ሚሊአምፒር ያሳልፋል። 2 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣም የ5 ዋቱን ዓይነት መርጠን ከፕላስቲክና ከሽቦ አርቀን እናስቀምጠዋለን።

ሥራው ሲጀመር

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ እንፍታ።
2. በቮልስ የመለኪያው ጀርባ የሚገኘው ከፊት ካለው የዕቃ መጫኛ በኩል ነው። የአምፖሉን መያዣ ወደኋላ ስበን እናውጣ።
3. አንድ በአንድ እንተካ፤ ካልበራ ጫፎቹን እናገላብጥ።
4. በመጨረሻ ሞተሩ ሳይነሣና ከተነሣ በኋላ የባትሪውን ቮልቴጅ በመለኪያ እንመልከት። በ12 ቮልት መኪና ከ12.6 ገደማ ወደ 14 አካባቢ ካላደገ፣ ባትሪው እየተሞላ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ከመኪናም ያልፋል። ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመተካታችን በፊት ምን እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ከረንት እንደሚያሳልፍና ከረንቱ ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ። ለዚህም የኦም ሕግና አንድ ቮልት መለኪያ በቂ ናቸው።