የቀዶ ሕክምና አታችመንት፦ ከአልጋው አጠገብ ጀምሩ

በጥቁር አንበሳም ሆነ በጎንደር፣ በጅማም ሆነ በሐዋሳ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተመደበ የሕክምና ተማሪ ዐይኑ ያለው ኦፕሬሽን ክፍሉ ላይ ነው። ጉጉቱ ያስመሰግናል። ሆኖም የሰው ትከሻ እያዩ ሦስት ሰዓት ከመቆም ይልቅ አንድን በሽተኛ ከድንገተኛ ክፍል እስከ መመለሻ ቀጠሮው መከተል እጅግ ይበልጥ ያስተምራል።

ከመመደባችሁ በፊት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ጨርሱ። ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በኋላ በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ስለሚሰጥ ምደባው ከተለጠፈ በኋላ ቢሯሯጡ አይደረስበትም። የሆድ ግድግዳን፣ የብሽሽትንና የአንገትን አናቶሚ ከልሱ። ቡአ፣ ትርፍ አንጀትና እንቅርት ከዋርዱ አይጠፉም።

የመጀመሪያው ቀን

ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ ራሳችሁን አስተዋውቁ። ጓንትና ጎዝ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። በሽተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ከካርዱ ይልቅ ያደሩት ነርሶች ያውቃሉ።

በሽተኛችሁን ያዙ

“ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሕመምዎ ብጠይቅዎ ይፈቅዱልኛል?” ብላችሁ ጀምሩ። “ዶክተር” ብለው ቢጠሯችሁ ተማሪ መሆናችሁን ንገሯቸው። አልፈልግም ካሉ መብታቸው ነው፤ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሆዳቸው ተነፍቶ ከገጠር የመጡ አባት ገጠሟችሁ እንበል። የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ፣ ማለትም ሲግሞይድ ቮልቩለስ፣ በአገራችን ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሰገራ መቼ ቆመ? መነፋቱ ቀደመ ወይስ ማስመለሱ? ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ በራሱ ለቋቸው ያውቃል? “ጋዝ” ስትሏቸው ካልገባቸው ሳታፍሩ “ፈስ ይወጣዎታል?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ መልስ ከብዙ ምርመራ በፊት መንገድ ያሳያል። ከዚያ ሆዱን እዩ፣ ቀጥሎ ዳስሱ፤ ስትዳስሱ ዐይናችሁ ፊታቸው ላይ ይሁን። ራጁን የሌላ ሰው ንባብ ሳትሰሙ ራሳችሁ እዩት፤ የተነፋው አንጀት የቡና ፍሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንጀቱ የመሞት ምልክት ካላሳየ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ይቻላል፤ ምልክት ካለ ግን ወደ ኦፕሬሽን ነው። ሬዚደንቱ የትኛውን እንደመረጡና ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቱቦው ቢሳካም ሕመሙ ስለሚመላለስ፣ ከማስተንፈሱ በኋላ ምን እንደታቀደ ሳትጠይቁ አትለፉ።

ጠዋት፣ ከራውንድ በፊት

ሬዚደንቱ ሳይመጡ አልጋው አጠገብ ተገኙ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ በድሬይን የወጣው ፈሳሽ መጠንና መልክ፣ የቁስሉ ሁኔታ፣ ሽንት። አዋቂ ሰው በኪሎ በሰዓት ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ያልለካችሁትን “አልለካሁም” በሉ። ከቁጣ ለመዳን የተፈጠረ ቁጥር ካርድ ላይ ሰፍሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

ኦፕሬሽን ክፍል

የምትገቡት ከራሳችሁ በሽተኛ ጋር ይሁን። ቁርስ ብሉ፤ ጥፍር ቁረጡ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። እጃችሁን ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ታጠቡ፤ ውኃው ወደ ክርን እንዲወርድ መዳፋችሁ ከፍ ይበል። የስክራብ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ እጃችሁን አትስደዱ። ንጹሕ ያልሆነ ነገር ከነካችሁ ማንም ባያያችሁም ወዲያው ተናገሩና ጓንት ቀይሩ። ካዞራችሁ ለቀዶ ሕክምና ቡድኑ ንገሩና ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደኅንነት መፈተሻ ዝርዝር ሦስት ማቆሚያዎች አሉት፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። በሁለተኛው ላይ ስም፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሰውነቱ ጎንና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጮክ ተብለው ሲነበቡ ከምታውቁት ጋር አስተያዩ። የተሳሳተ ከመሰላችሁ ተናገሩ፤ ተማሪ መሆን አፍ አያዘጋም።

መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁት። ወዲያው አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሬዚደንቱ ይቆጡኛል ብላችሁ እንዳትደብቁ እለምናችኋለሁ። ቁጣው ያልፋል፤ ያለፈው ሰዓት ግን አይመለስም።

ከዚያ በኋላ

በሽተኛው ሲወጣ መቼ እንደሚመለስ መዝግቡ፤ የተላከ ናሙና ካለ የፓቶሎጂ ውጤቱን ራሳችሁ ተከታተሉ። ሎግ ቡካችሁን በዕለቱ አስፈርሙ። ሬዚደንቶች ከክፍል ክፍል ስለሚዛወሩ፣ በአታችመንቱ መጨረሻ ፊርማ ፍለጋ መዞር ለፈተና የምታነቡበትን ጊዜ ይበላል።